ቀይ አፈርና ዋልካ፦ እርጥበቱ እኩል ከሆነ አንዱ ለምን ይጠወልጋል? የአፈር እፍጋትስ በማሳ ላይ እንዴት ይለካል?

የአማኑኤሏ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ቤተሰቤ በሁለት ቦታ ያርሳል። አንዱ ማሳ ማቻከል ውስጥ አማኑኤል አጠገብ ያለ ቀይ አፈር ነው፤ ሌላው በእናቴ በኩል ያገኘነው፣ ቢቸና አቅራቢያ ያለ ዋልካ፣ ሸክላ የበዛበት ጥቁር አፈር ነው። ዘንድሮ ሁለቱም ላይ ስንዴ አለ። ዝናቡ ከወጣ በኋላ ጥቅምት ላይ ከሁለቱም ማሳ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሬ አፈር አወጣሁ፤ በላስቲክ አሥሬ ኦቨን ወዳለበት ኮሌጅ ወስጄ አስደረቅሁት። የጠፋውን ውሃ ለደረቁ አፈር ክብደት ሳካፍለው ሁለቱም 30 በመቶ ገደማ ወጡ።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ቀዩ ላይ ያለው ስንዴ ደህና ነው። ዋልካው ላይ ያለው ግን ቀትር ላይ ቅጠሉ ይጠቀለላል፤ ሲመሽም አይዘረጋም። እርጥበቱ እኩል ከሆነ እንዴት አንዱ ብቻ ይጠወልጋል?

ሁለተኛ፣ ገበያ ላይ የሚሸጠውን፣ መሬት ውስጥ ተሰክቶ ከ1 እስከ 10 የሚያሳየውን መርፌ ሞክሬዋለሁ። ቀዩ ላይ 4፣ ዋልካው ላይ 8 አለኝ። የሚጠወልገው ደግሞ 8 ያለው ነው። የቱን ልመን?

ሦስተኛ፣ ባልክ ዴንሲቲ (የአፈር እፍጋት፦ የደረቁ አፈር ክብደት ለያዘው ቦታ ሲካፈል) ካልለካሽ የእርጥበት ቁጥርሽ ግማሽ ነው የሚሉኝ አሉ። ውድ ዕቃ ሳይኖር እንዴት ይለካል? የልማት ሠራተኛ ስለሆንኩ ለራሴ ብቻ አይደለም የምጠይቀው፤ ገበሬው ሲጠይቀኝ "ይመስለኛል" እያልኩ መመለስ አልፈልግም።

ዋልካ አራሽ

ልጄ፣ እንደምን አለሽ። እኔ የእነማይ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያረስሁት ዋልካ ነው። ዋልካ ስስታም ነው፤ ውሃውን ይይዛል እንጂ ለአዝመራው አይለቅም። ይህን አባቶቻችን ያለ ሚዛን ያውቁታል።

እኛ የምናየው በእጅ ነው። ከሥሩ አካባቢ አንድ ጭብጥ አፈር አንሥቼ እጨምቀዋለሁ፤ ከዚያ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል እገፋዋለሁ። እንደ ጠፍር እየረዘመ ከተንጠለጠለ ውሃ አለው። እየተሸራረፈ ከወደቀ አዝመራው ተቸግሯል። ቀይ አፈር በዚያው እርጥበት እንደዚያ አይረዝምም፤ ስለዚህ በአንድ ዓይን አናያቸውም። ደግሞ ስንጥቁን እዪ። መሬቱ ተሰንጥቆ ጣት ማስገባት ከጀመረ የስንዴው ሥር እየተበጠሰ ነው፤ ፀሐዩም በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያደርቀዋል።

ቁጥር አያስፈልግም አልልም። ግን ቁጥሩ እጄ የሚያውቀውን ካላወቀ ምን ይረባል?

አፈር መርማሪ

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ የእህታችን ቁጥርም ትክክል ነው። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኘው ስሌት ነው።

30 በመቶ ያልሽው በክብደት ነው። የስንዴው ሥር የሚኖረው ግን በቦታ ውስጥ ነው። ስለዚህ የክብደቱን እርጥበት በአፈሩ እፍጋት አባዢው፤ የሚወጣው በቦታ ሲለካ ያለው እርጥበት ነው። ለስሌት ያህል ቀዩ በኩብ ሳንቲ ሜትር 1.1 ግራም፣ ዋልካው ደግሞ በዚያ ድርቀቱ 1.4 ግራም ቢሆን፦ ቀዩ 33 በመቶ፣ ዋልካው 42 በመቶ ውሃ ይዟል። በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀዩ 99 ሚሊ ሜትር፣ ዋልካው 126 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የጠወለገው ማሳ ብዙ ውሃ ያለው ሆነ።

አሁን ጋሼ "አይለቅም" ያሉት ይመጣል። እያንዳንዱ አፈር ሥር ሊስበው የማይችል ውሃ አለው፤ መጠኑ የመጠውለጊያ ነጥብ ይባላል። ሸክላው በበዛ ቁጥር ይህ ነጥብ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ውሃው በጣም ደቃቅ በሆኑ ቀዳዳዎችና በሸክላው ቅንጣት ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቀዩ ላይ ነጥቡ በክብደት 20 በመቶ፣ ከባድ ዋልካ ላይ 29 በመቶ ነው ብንል፣ ከቀዩ 10 በመቶ ይቀራል፤ በ1.1 እና በ300 ሚሊ ሜትር ስናባዛው 33 ሚሊ ሜትር የሚጠጣ ውሃ አለ። ከዋልካው የሚቀረው 1 በመቶ ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ። ስንዴሽ የሚያየው 33ና 4ን ነው። የአንቺን ማሳ ነጥብ ላብ ነው የሚነግርሽ፤ እኔ የሰጠሁሽ አካሄዱን ነው።

ስለ መርፌው፦ ያ ዕቃ የሚለካው አፈሩ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ሸክላና በአፈሩ ውሃ ውስጥ ያለ ጨው፣ ማዳበሪያም ጭምር፣ ንባቡን ከፍ ያደርጉታል። አንድን ማሳ ትናንትና ዛሬ ለማወዳደር ይጠቅም ይሆናል፤ ቀይን ከዋልካ ለማወዳደር ግን ፈጽሞ አትጠቀሚበት።

የአማኑኤሏ

33ና 4! ይህን ለብዙ ሰው አሳያለሁ። አሁን እፍጋቱን ራሴ መለካት እፈልጋለሁ። የናሙና ቀለበት፣ ማለትም ይዘቱ የታወቀ የአፈር ማውጫ ብረት የለኝም። ኦቨኑም ሁልጊዜ አይገኝም፤ በምጣድ ማድረቅ ይቻላል? በፀሐይስ?

አፈር መርማሪ

ቀለበቱን ብረት ሠራተኛ ዘንድ ማሠራት ትችያለሽ። ውስጡ 5 ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ የሰፋ የብረት ቧንቧ 5 ሳንቲ ሜትር አስቆርጪ። ግድግዳው ቀጭን ይሁን። የታችኛው አፍ ይሳል፣ ግን የሚሳለው ከውጭ በኩል ነው፤ ከውስጥ ከተሳለ አፈሩን ወደ መሐል እየጠቀጠቀ ይገባና እፍጋቱን ያለ ልኩ ከፍ ያደርገዋል። ብረት ሠራተኛው እንዳይሳሳት ሥለሽ ስጪው። የውስጡን ስፋት በሚሊ ሜትር ለኪና ይዘቱን አስቀድመሽ አስዪ፦ 5 በ5 ከሆነ 3.14 በ2.5 በ2.5 በ5፣ ማለትም 98 ኩብ ሳንቲ ሜትር።

ማሳ ላይ ስትደርሺ ለመቀመጫ የሚበቃ ቦታ ላይ ገለባውንና አረሙን አንሺ። ቀለበቱን ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪ፣ በላዩ ሁለተኛ ቀለበት ደርቢ፣ በዚያ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት አድርገሽ በመዶሻ ቀስ እያልሽ ምቺ። ሁለተኛው ቀለበት የሚያስፈልገው የታችኛው ሞልቶ ትንሽ እንዲተርፍ ነው፤ አለዚያ እንጨቱ አፈሩን ይረግጠዋል። ሲገባ ቆም በይና በቀለበቱ ውስጥ ያለውን አፈር ከውጭው ጋር በዓይንሽ አስተያዪ። ውስጡ ዝቅ ካለ ተጠቅጥቋል፤ ጥለሽው ሌላ ቦታ ሂጂ። ሲሞላ በጎን ቆፍረሽ ከሥሩ በአካፋ ደግፈሽ አውጪው እንጂ አትንቀዪው። ከላይና ከታች የተረፈውን በቢላ ልክ ከአፉ ጋር አስተካክለሽ ቁረጪ። ጠጠር ወይም ወፍራም ሥር ተቆርጦ ጉድጓድ ከተወ ያ ናሙና አይሆንም። አፈሩን አንዲት ቅንጣት ሳታስቀሪ ወደ ላስቲክ ገልብጪ፣ አየሩን አስወጥተሽ እሠሪ፣ የማሳውን ስምና ጥልቀቱን ጻፊበት፤ ጥላ ውስጥ አድርጊው።

የትም ቦታ አንድ ቀለበት ብቻ አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት። የከብት መሄጃ፣ የዛፍ ሥር፣ ኩይሳና የማሳ ዳር ይቅሩ። ከዝናብ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ያለው ጊዜ ለቀይ አፈር ጥሩ ነው። ጭቃ ከሆነ ይጠቀጠቃል፣ አመድ ከሆነ ይፈረካከሳል።

ማድረቂያው 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 24 ሰዓት ነው። በፀሐይ አይሆንም፤ በተለይ ዋልካ በፀሐይ የደረቀ መስሎ ጥቂት በመቶ ውሃ ይዞ ይቀራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ለእንጀራ በሚሞቅበት ልክ ከ105 በጣም ያልፋል፤ የአፈሩ ብስባሽ ይቃጠልና ክብደቱ የጠፋው በውሃ ምክንያት ይመስልሻል። ሌላ ከሌለሽ በቀጭን ብረት ሰሃን ላይ ዘርግተሽ በለሆሳስ እሳት እያማሰልሽ አድርቂ፤ መዝኚ፣ መልሰሽ አሙቂ፣ መዝኚ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። የጭስ ሽታ ከመጣ እሳቱ በዝቷል። ሚዛንሽ ቢያንስ 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይሁን፤ 0.1 የሚለይ ካገኘሽ ይሻላል።

ስሌቱ ይኸው፦ እርጥቡ አፈር ያለ ላስቲኩ 160 ግራም፣ ሲደርቅ 118 ግራም ነው እንበል። ውሃው 42 ግራም። እርጥበት በክብደት 42 ለ118፣ 35.6 በመቶ። እፍጋት 118 ለ98፣ 1.20። እርጥበት በይዘት 42 ለ98፣ 42.9 በመቶ። የማዕድን አፈር ቅንጣት ራሱ 2.65 ያህል እፍጋት ስላለው፣ 1.20ን ለ2.65 አካፍለሽ ከ1 ስትቀንሺ 54.7 በመቶው ክፍት ቦታ ነው። ከዚያ 42.9ኙን ውሃ ይዞታል፤ 12 በመቶ ገደማ ለአየር ቀርቷል። ከአንዲት ቀለበት ውሃውንም አየሩንም እፍጋቱንም አወጣሽ። እርጥበቱንና እፍጋቱን በተለያየ ቀን የሚለኩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ፈጽሞ አልመክርም።

የመንገድ ላብ

እኔ በመንገድ ሥራ የቁሳቁስ ምርመራ ላይ ነኝ፤ ጉዳዩ ስለሚነካኝ ልግባ። እኛ ሙሊቱ (ለመንገዱ ተሞልቶ የሚጠቀጠቀው አፈር) ከከፍተኛው እፍጋት ለምሳሌ 95 በመቶ ደርሷል ወይ ብለን ነው የምንለካው፤ እናንተ ደግሞ እንዳይደርስ ነው የምትለኩት። መሣሪያው ግን ዘመድ ነው።

ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ስትሉ መሬቱ ጠጠር ይበዛበታልና ቀለበት አይገባም። እንዲህ ላለው ቦታ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የወጣውን አፈር ሁሉ ሰብስቡ። ጉድጓዱን በስስ ላስቲክ አልብሱና ልክ እስከ አፉ በሚለካ ውሃ ሙሉት፤ የገባው ሊትር የጉድጓዱ ይዘት ነው። እኛ በውሃ ፈንታ እፍጋቱ የታወቀ ደረቅ አሸዋ በሾጣጣ ዕቃ እናፈስሳለን። ጠጠሩን አጥባችሁ ለብቻው መዝኑ፤ ውሃ ባለበት መስፈሪያ ውስጥ ክተቱና ውሃው ከፍ ያለበትን ይዘት አንብቡ። ክብደቱንም ይዘቱንም ካልቀነሳችሁ አፈሩ የታመቀ ይመስላል።

እርጥበትን በቶሎ ለማወቅ የካርባይድ ጠርሙስ አለን። የተመዘነ አፈር ከካልሲየም ካርባይድ ዱቄት ጋር ተዘግቶ ይናጣል፤ ዱቄቱ ከውሃው ጋር ሲገናኝ አሴቲሊን ጋዝ ይወጣል፣ የጋዙ ግፊት በጠርሙሱ የግፊት መለኪያ ላይ ይነበባል። ደቂቃዎች ይበቁታል። ጓሉ ካልደቀቀ ግን ውስጡ ያለው ውሃ ሳይነካ ይቀራል፤ ዋልካ ላይ የብረት ኳሶቹን ጨምራችሁ በደንብ ናጡ። ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፣ ሲከፈት እሳትና ሲጋራ ይራቅ።

ዋልካ አራሽ

ሁላችሁም ተባረኩ። አንድ ነገር ግን አልተነካም። ዋልካ ነሐሴና ጥር አንድ መሬት አይደለም። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ታዲያ እፍጋቱ ይህ ነው የምትሉት የየትኛውን ወር ነው?

አፈር መርማሪ

ጋሼ፣ የዋልካ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

የዋልካ እፍጋት አንድ ቁጥር አይደለም፤ ከእርጥበቱ ጋር የሚሄድ ነው። ውሃ ሲጠጣ ቅንጣቶቹ ተራርቀው ያብጣል፣ እፍጋቱ ይወርዳል፤ ሲደርቅ ጓሉ ተሰብስቦ ይጠጥራል፣ ክፍት ቦታው ወደ ስንጥቁ ይሄዳል። በርጥቡ 1.1 ወይም 1.2 የሆነ መሬት በድርቀቱ ጊዜ ጓሉ ብቻውን ሲለካ ከ1.5 በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ "የዋልካው እፍጋት 1.3 ነው" የሚል ወረቀት እርጥበቱ ስንት እያለ እንደተለካ ካልጻፈ አይጠቅምም። ቀለበትም በደረቅ ዋልካ ላይ አይሠራም፤ ወይ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ጓሉን ይፈልጠዋል።

ለደረቁ ጊዜ የጓል መንገድ አለ። የእንቁላል ያህል ጓል ስጡኝ፤ በክር አሥሬ በቀለጠ ሻማ ውስጥ ነክሬ አወጣዋለሁ፤ ሰሙ ሸፍኖት ውሃ አይገባውም። በአየር ላይ፣ ከዚያም በክሩ ተንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይመዘናል። ጓሉ ብቻውን 90 ግራም፣ ከሰሙ ጋር 96፣ ውሃ ውስጥ 36 ቢሆን፦ 96 ሲቀነስ 36፣ 60 ኩብ ሳንቲ ሜትር ጠቅላላ ይዘት። ሰሙ 6 ግራም ነው፣ እፍጋቱ 0.9 ስለሆነ 6.7 ይወስዳል። የጓሉ ይዘት 53.3። ከዚያው ቦታ የተወሰደ ሌላ ጓል ደርቆ 12 በመቶ እርጥበት ከተገኘበት፣ 90ን ለ1.12 አካፍሉ፤ 80.4 ግራም ደረቅ። እፍጋት 1.51። ይህ የጓሉ ነው፤ የስንጥቁ ባዶ ቦታ አልገባበትም።

ስለዚህ ዋልካን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለኩ፦ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ሙሉ እርጥብ እያለ በቀለበት፣ ከአጨዳ በኋላ ደርቆ በጓል። ሽምብራና ጓያ መስከረም ላይ በተረፈ እርጥበት የምትዘሩ ሰዎች የመጀመሪያው ልኬት ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ መሬቱ ለቀረው ጊዜ ስንት ሚሊ ሜትር ቋጥሯል የሚለውን እሱ ይነግራችኋል።

ቆጋ መስኖ

ከመራዊ ነኝ። እኛ ዘንድ ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነው። ቆጋ 7,000 ሄክታር ገደማ የሚያጠጣ ግድብ ነው፤ ተራ ሲደርስ ሰው ውሃው እስኪተኛ ይለቃል፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ተራ መቼ እንደሚመጣ ይጨነቃል። ትርፉ ውሃ ከሥር በታች ወርዶ ዩሪያውን ይዞ ይሄዳል።

እዚህ በሙከራ የገባ አንድ ዕቃ ወድጄዋለሁ። እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ያለው ፕላስቲክ ይቀበራል፤ ውሃው እዚያ ጥልቀት ሲደርስ ከላይ ምልክቱ ብድግ ይላል። ሁለት ይቀበራሉ፣ አንዱ ከሥሩ መሐል፣ ሌላው ከሥሩ መጨረሻ። የላይኛው ተነሥቶ የታችኛው ሳይነሣ ውሃውን መዝጋት ነው። የአውስትራሊያ የምርምር ድርጅት የሲሳይሮ ሰው ሪቻርድ ስቲርዛከር የሠራው ነው። ሌላው እስስት የሚሉት ባለ መብራት ነው፦ ሰማያዊ ሲሆን እርጥብ፣ አረንጓዴ ሲሆን መካከለኛ፣ ቀይ ሲሆን ደረቅ። ይህኛው የሚለካው የውሃውን መጠን ሳይሆን ሥሩ ውሃውን ለመሳብ የሚከፍለውን ጉልበት ነው፤ ስለዚህ ቀይ አፈርም ሆነ ዋልካ ላይ መብራቱ አንድ ትርጉም አለው። እህታችን ካነሣችው ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

ስንት ላጠጣ ለሚል ደግሞ፦ ሜትር በሜትር ቦታ ገድበሽ ጠግቦ እስኪቆም አጠጪ፣ በላስቲክ ሸፍኚው፣ ሁለት ሦስት ቀን ተዪው፣ ከዚያ በቀለበት ለኪ። ያ የመሬቱ የመያዝ አቅም ነው። ከማጠጣትሽ በፊት ያለውን ከሱ ቀንሺ። በይዘት 8 በመቶ ከጎደለ፣ ለ30 ሳንቲ ሜትር ሥር 24 ሚሊ ሜትር፤ ለአንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ብንለው፣ 60 ሜትር ኩብ ነው። ከዚያ በላይ የሚለቀቀው ለጎረቤት ቢደርስ ይሻላል።

ጎዛምን

እፍጋት ለእርጥበት ብቻ አይደለም፤ ለኖራም ነው። ማቻከል፣ ጎዛምን፣ ስናን አካባቢ መሬታችን አሲዳማ ነው። የኖራው መጠን ሲሰላ የ15 ሳንቲ ሜትር አፈር ክብደት ይገባበታል። በአፈሩ የሚለዋወጠው አሲድ በኪሎ 2 ሴንቲሞል (ላብ የሚሰጠው የአሲድ መጠን መለኪያ) ቢሆን፣ እፍጋቱ 1.2 ከሆነ፣ በተለመደው 1.5 ማባዣ 27 ኩንታል በሄክታር ይወጣል። ባለሙያው ሳይለካ 1.4 ብሎ ከገመተ 31 ኩንታል ተኩል። ልዩነቱ 4 ኩንታል ተኩል ኖራ ነው፤ መጓጓዣውንና ተሸካሚውን የሚከፍለው ገበሬ ነው። ቀለበቱ ከተሠራ ለዚህም ይዋል።

ጣና ዳር

ጥልቀቱን በጥንቃቄ ለዩ የምለው እኔ ነኝ። ማረሻችን በየዓመቱ አንድ ጥልቀት ላይ ይመላለሳል፤ ከሥሩ ጠንካራ ንጣፍ ይፈጠራል። ለጤፍ ሲሆን ደግሞ መሬቱን በከብት እናስረግጣለን። ባሕር ዳር አጠገብ ሮቢት ባታ ተፋሰስ ላይ ዩኒቨርሲቲው ይህን ንጣፍ ጠለቅ ባለ እርሻ መስበር ውሃ እንዴት እንደሚያሰርግ አጥንቷል። ከ0 እስከ 10፣ ከ10 እስከ 20፣ ከ20 እስከ 30 ለየብቻ ካልለካችሁ ንጣፉ በአማካዩ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። በሸክላ አፈር እፍጋቱ ከ1.4 ካለፈ ሥር ይቸገራል፤ በአሸዋማ መሬት ግን ያው ቁጥር ምንም አይደለም። ዘንግ እየወጉ ጥንካሬ የሚለኩ ሰዎችም እርጥበቱን አብረው ይጻፉ፤ የደረቀ መሬት ሁሉ ንጣፍ ያለበት ይመስላል።

የአማኑኤሏ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥዕሉን ለብረት ሠራተኛው ሰጥቻለሁ፣ ከውጭ በኩል ይሳል ብዬ አስምሬበት። ቀዩን በሦስቱም ጥልቀት እለካለሁ። ዋልካው አሁን ተሰንጥቋልና በሻማው መንገድ እሄዳለሁ፤ በቀለበት ደግሞ የሚመጣው መስከረም። ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ ከርስዎ ማሳም ጓል ልውሰድ፤ በእጅዎ ምን እንደሚሉት ከቁጥሩ ጎን እጽፈዋለሁ። ውጤቱን እዚሁ እለጥፋለሁ።

ዋልካ አራሽ

ነይ ልጄ። ጤፉ እስኪታጨድ ጠብቂ እንጂ። የላይኛው ማሳና የታችኛው አንድ አይደሉምና ከሁለቱም ውሰጂ።

አፈር መርማሪ

ስትለጥፊ መቶኛውን ብቻ አትጻፊ። የእርጥቡንና የደረቁን ግራም፣ የቀለበቱን ይዘት፣ ጥልቀቱን፣ መጨረሻ የዘነበበትን ቀንና ማሳው ላይ ያለውን ሰብል አብረሽ ጻፊ። ግራሙ ካለ ሌላው ሰው መልሶ ማስላት ይችላል።